ውሃ የበላው መስታወት

አባቴን በመቱ ከተማ ሌባ ያሰኘው አንድ ክምር መስታወት ነው። ክምሩ ብቻውን አልበቃም ነበር፤ ምስክር አስፈለገ፤ ምስክሯ እኔ ሆንኩ። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ሰዎች «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ሲሉኝ ይብስብኛል። ያለፈው ለእነሱ ነው። ዛሬም ገበያ መሃል የያኔውን የግንባታ ኮሚቴ ሊቀመንበር ድንገት ሳየው የያዝኩት ዘንቢል ከእጄ ሊወድቅ ይደርሳል፤ ፈርቼው እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ነው።

አባቴ መስኮት ሠሪ ነበር። አናጢ ብዬ ባልፈው ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን አናጢ ሲባል ቅር ይለዋል። «በርና አልጋ ማንም ይገጣጥማል» ይላል፤ «መስኮት ግን ብርሃኑን አስገብቶ ዝናቡን መመለስ አለበት። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።» እውነቱን ነው። ኢሉባቦር ላይ ዝናብ በመጋቢት ከጀመረ እስከ ጥቅምት ማለቂያ አይለቅም፤ ግድግዳ ያርሳል፣ ጫማ ያሻግታል፣ የተቀመጠ ደብተር ገጽ ከገጽ ያጣብቃል። አባቴ የዋንዛ ሳንቃ ገዝቶ ሙሉ በጋ ከጣሪያ ሥር ሳያደርቅ አይነካውም ነበር። መስታወቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘውን ስቱኮም ከሱቅ አያመጣም። ከትምህርት ቤት ለቃቅሜ የማመጣለትን የጠመኔ ስብርባሪ ይወቅጣል፣ ይነፋል፣ በተልባ ዘይት እንደ ሊጥ ያሸዋል። እጁ ሁልጊዜ ተልባ ተልባ ይሸት ነበር።

መስታወት ሲቆርጥ ቤት ውስጥ ወሬ የለም። የመቁረጫውን ጫፍ ነጭ ጋዝ ያስነካና ከዳር እስከ ዳር አንዴ ብቻ ይስበዋል። በዚያው መስመር ላይ ደግሞ መመለስ ክልክል ነው። ድምፁን ያዳምጣል፤ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ከሰማ ተሳክቷል፣ ከሥር በጣቱ መታ ሲያደርገው ለሁለት ይከፈላል። ካልሰማ መስታወቱን አስቀምጦ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ንዴቱ እስኪበርድለት ሌላ አይነካም። እኔ ቁጡነቴን የወረስኩት ከእሱ ነው። ልዩነታችን እሱ ወደ ደጅ መውጣት ማወቁ ነው።

ጎሬ ከመቱ ሩቅ አይደለችም። በድሮ ዘመን ነጋዴዎችና የውጭ አገር ሰዎች ያሠሯቸው ቤቶች አሏት፤ የእነዚያ ቤቶች መስኮት ሲበሰብስ የሚጠራው አባቴ ነበር። እንጨቱን ይቀይራል፤ መስታወቱን ግን ባለቤቱ «አዲስ አድርጉልኝ» ካላለ በቀር አጥቦ ይመልሰዋል። አዲስ ከተባለ አሮጌውን ጠቅልሎ ቤት ያመጣዋል። አሮጌ መስታወት የራሱ ጠባይ አለው። በእሱ አሻግራችሁ የስልክ እንጨት ብታዩና አንገታችሁን ትንሽ ብታንቀሳቅሱ እንጨቱ ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ መልሶ ይቃናል። የዚያ ዘመን ሠሪ የቀለጠውን መስታወት በትንፋሹ ነፍቶ እንደ በርሜል ካረዘመው በኋላ ሰንጥቆ በእሳት ይዘረጋዋል፤ ስለዚህ ውፍረቱ እኩል አይሆንም። የዛሬው ቲን በሚባል የቀለጠ ብረት ላይ ተንሳፍፎ ስለሚረጋ ሁለቱም ፊቱ ልስልስ ነው፣ አሻግረው ያዩትን አያጣምምም። ይህን ልዩነት አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ብቻ ይለየው ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን መስታወት ጠጣር የሚመስል ፈሳሽ ነው፣ በብዙ ዘመን ወደ ታች ይወርዳል፣ የድሮ መስኮት ግርጌው የሚወፍረው ለዚህ ነው አሉን። ለአባቴ ስነግረው ከልቡ ሳቀ። «ወፍራሙን ጎን ወደ ታች የማደርገው እኔ ነኝ፣ እንዲረጋ ብዬ። መምህርሽ መስታወት ሲገባ ቆመው አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያልተማረ ሰው ነው ብዬ አዘንኩለት። ኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህች ማዘኔ ተነሣ ብል አላጋነንኩም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሕዝቡ አዋጥቶ ለተማሪ የንባብ ክፍል ሊያሠራ ተነሣ። የግንባታ ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀመንበሩ ከአባቴ በብዙ ዓመት የሚያንስ የቢሮ ሰው ነበር፤ አባቴን መንገድ ላይ ሲያገኘው ባርኔጣውን አውልቆ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» የሚል። መስኮቱን እንዲሠራ አባቴ ተመረጠ። መስታወቱ ከጅማ በበደሌ አድርጎ በጭነት መኪና ሲመጣ ቆጥሮ የተረከበውና የፈረመውም እሱ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ሊቀመንበሩ ኪስ ገባ። ፊርማ ከአንዱ፣ ቁልፍ ከሌላው። ይህን አሠራር ማን እንደፈለሰፈው ባውቅ ዛሬም ቤቱ ድረስ ሄጄ እጨቀጭቀው ነበር።

መስታወቱ በገባ ቀን አባቴ ለመናቸው። ከአፈሩ ወለል ከፍ ይበል፣ አታጋድሙት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ በየመካከሉ ወረቀት አስገቡበት አላቸው። ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ እንቁላል አደረጉት እኮ! መስታወት አይበሰብስ፣ አይዝግ።» በጆንያ ላይ አጋድመው አንዱን በአንዱ ላይ ከመሩት፤ ጆንያው ያረፈው እርጥብ አፈር ላይ ነው። ከዚያ ግንቡ ጣሪያ ሳያገኝ ሥራው ቆመ። ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ፤ ቀጥሎ ስብሰባ በዛ ተባለ፤ በመጨረሻም ምንም አልተባለም። ባዶ መጋዘን አይቀመጥም ተብሎ ያልደረቀ ቡና በማዳበሪያ ከረጢት ተሞላበት። ጣሪያው ደግሞ በአንድ ጥግ ያፈስ እንደነበር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አባቴ ቁልፍ ፍለጋ ተመላለሰ። ቢሮ ይሄዳል፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል። ሊቀመንበሩ ቤት ይሄዳል፣ «ለስብሰባ ወጥተዋል»። አንዴ ከየሱቁ ለምኖ የሰበሰበውን ደረቅ ካርቶን ተሸክሞ ሄደና መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ቁልፉ አልመጣም፣ ካፊያው መጣ። ካርቶኑ ርሶ፣ እሱም ርሶ ተመለሰ። እናቴ «ለማገዶ እንኳ አልሆነም» ብላ ስትነጫነጭ አስታውሳለሁ። ስብሰባ የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ የሚፈላው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና ሥራው በጥድፊያ ተጀመረ። መስታወቱን ከመጋዘን እንድናወጣ የተጠራነው እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። የቡናው ከረጢት ሲነሣ መጀመሪያ ያፈነን ሽታው ነው። የላይኛው መስታወት ላይ ነጭ ጉም ነበር፤ ሰው የተነፈሰበት ይመስላል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት፣ አልጠረግ አለ። ቀጥሎ ያለው ኩሬ ላይ ነዳጅ ሲፈስ የሚታየውን ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ይዟል። ከዚያ በታች ያሉት እርስ በርስ ተጣብቀው አንላቀቅም አሉ፤ ስንታገላቸው ተሰበሩ። አንዲት ልጅ መዳፏን ቆረጣት።

አባቴን አስጠሩት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጉሙን አሸው፣ ወደ ብርሃን አነሣው። ከዚያ ለራሱ የሚናገር ይመስል በኦሮምኛ «ቢሻንቱ ኛቴ» አለ። ውሃ ነው የበላው ማለቱ ነው።

ሊቀመንበሩ በሳቅ ፈነዳ፤ የቀሩትም ተከተሉት። «ውሃ መስታወት በላ? እና ውሃ የምንጠጣበት ብርጭቆ እንዴት እስካሁን ቆየልን?» ሳቁ ሲያልቅለት ፊቱ ተለወጠ። «እኛ ያስገባነው አዲስ ነው። ይኼ አሮጌ ነው። አዲሱን የት አደረስከው?»

አደረስከው አለው። ጋሼም የለ፣ እርስዎም የለ። በዚያች አንዲት ቃል የሃያ ዓመት ባርኔጣ ማውለቅ ገደል ገባ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነሱም ከዚያ በኋላ ፈቃድ ሳይጠይቁ ቤታችን ገቡ። ጓዳችን ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ የጎሬ መስታወቶች ተደግፈው፣ በየመካከላቸው የደብተር ወረቀት ገብቶላቸው አገኙ። «ይኸው!» ተባለ። አሮጌ መስታወት የሚሰበስብ ሰው፣ አሮጌውን አስገብቶ አዲሱን ሸጧል። ለእነሱ ነገሩ እዚያው አለቀ።

አባቴ የጠየቃቸው በጣም ቀላል ነገር ነበር። በአንድ እጁ የጎሬውን፣ በሌላው የመጋዘኑን ስባሪ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «በሁለቱም አሻግራችሁ ይህን መቃን እዩት» አላቸው። «አሮጌው ያጣምመዋል። የመጋዘኑ ጭጋግ አለበት እንጂ መቃኑን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያሳየው። አዲስ ነው፤ ታመመ እንጂ አልተቀየረም።» አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አላየም። አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ እኔም አላየሁም።

ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌዎች ይዩት ተባለና ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ንግግሩ በኦሮምኛ ነው። አባቴ የሚያውቀውን ተናገረ፤ ውሃ መካከላቸው ገብቶ መውጫ ሲያጣ መስታወቱን ይበላዋል አለ። እንደገና ተሳቀ። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ የተማረ ሰው ይፍረደን» አለ። የኬሚስትሪ መምህራችን ለሥራ ወደ ኡካ ከተማ ሄደው ነበር። «የራሱ ልጅ አለች አይደል? ከክፍሏ አንደኛ ናት። መጽሐፉ የሚለውን ትንገረን።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ታምሜያለሁ፣ አላውቅም፣ መጽሐፌ ጠፍቷል፤ ምን የመሰለ ሰበብ ሞልቶ። አላልኩም፤ ምክንያቱም ብልጥ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። ውሃ መስታወትን እንደማይበላ ከመሰከርኩ መስታወቱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ከተቀየረ የቀየረው ቁልፍ የያዘ ሰው ነው፤ ቁልፍ የያዘው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ጭንቅላቴ ይህን እንደ ሒሳብ ደርድሮ ጨረሰው። አባቴ ያለውን አላመንኩትም ነበር። ስለዚህ እሱ ከያዘው የተሻለ መከላከያ ያገኘሁለት መሰለኝ።

ተነሣሁ። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አነበብኩና ወደ ኦሮምኛ መለስኩት፤ መስታወት በውሃ አይሟሟም፣ አንድ ክፉ አሲድ ካልሆነ የሚበላው የለም። እንግሊዝኛው ሲሰማ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ጸጥታውን ወደድኩትና ደግሜ አነበብኩት። ወደ ቁልፉ ነገር ልሻገር አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ እጁን አነሣ። «በቃ፣ ተቀመጪ። ልጁ ራሷ መሰከረች።» ተጨበጨበ። ቅንድብ ልትኩል ዓይን አጠፋች የሚባለው ለእኔ ነው። «የቁልፉስ ነገር?» ብዬ ጮኽኩ፤ ጭብጨባው ዋጠው። አባቴ ዞሮ አየኝና በአማርኛ፣ ቤት ውስጥ በምናወራበት ድምፅ፣ «ቁጭ በይ ልጄ» አለኝ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል በከተማው እጅግ የሚከበሩ አንድ ሰው ነበሩ። እሳቸው ወደ አባቴ ዞረው «ዺፋማ ጄዻ፣ ነገሩ ይብቃ» አሉት። ይቅርታ በሉ ማለታቸው ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ይቅርታ ይላል። ይቅርታው ለሰላም ነው፣ ለሽበቱ ክብር ነው፤ ማንም እንደ እምነት ቃል አይቆጥረውም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የተማርነው። አባቴ ቀና ብሎ «ይቅርታ» አለ። ሽማግሌዎቹ ርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፣ ሁሉም «አሜን» አለ፣ ተነሥተን ወደ ቤታችን ሄድን።

ሰኞ ጠዋት ገበያ ውስጥ የነበረው ወሬ «ራሱ አመነ» የሚል ነበር። ያልሰረቀውን ማሩት! ይህን ምሕረት እስካሁን አልዋጥኩትም። የተከሰሰ ሰው ይከራከራል፣ ይግባኝ ይላል፣ ይሰደባል ይሳደባል። ይቅር የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከር? «መቼም ሰው ነው፣ ይሳሳታል» እያሉ በርኅራኄ ሰላም ሲሉት እሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ ድንጋይ ባነሣ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ለዓመታት የእድሩን ዕቃ ቤት ትጠብቅ ነበር፤ በዚያው ወር ቁልፉን ለሌላ ሴት እንድታስረክብ በትሕትና ተነገራት። የንባብ ክፍሉ ሲያልቅ መስኮቱ በላሜራ ተገጠመ። ተማሪዎች በቀን መብራት እያበሩ ያነባሉ፤ መብራት ሲጠፋ ይበተናሉ።

ከዚያ በኋላ በመቱ ለአባቴ መስኮት ያሠራ ሰው የለም። ለአቅራቢያችን ለሁሩሙ ወረዳ ማር አምራቾች ዘመናዊ ቀፎ መሥራት ጀመረ፤ ሳጥኖቹን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያስጭንና እሱም አብሮ ይሄዳል። «ንብ ስለ ሰው አትጠይቅም» ብሎ ይቀልድ ነበር። እኔ ቀልዱን አልወደድኩትም። የመስታወት ወሬ ቤታችን ውስጥ ጠፋ፤ እኔና እሱ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል ሳንነጋገር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ክዳኑ አልከፈት ያለ አንድ ጠርሙስ አጋጠመን። ጠርሙሱም ክዳኑም መስታወት ነው፤ ውስጡ ያለው እንደ አመድ ውሃ ያለ፣ ከዚያ በጣም የበረታ የሶዳ ውሃ ነበር። መምህሩ ተቆጡ። «ይህ ነገር መስታወት እንደሚበላ አታውቁም? ክዳኑን በልቶ አጣብቆታል» አሉ። እጄን አነሣሁና ተራ ውሃስ ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸውም አስረዱ። መስታወት አሸዋ ነው፤ አሸዋ ብቻውን በቀላሉ ስለማይቀልጥ ሶዳ ይጨመርበታል፣ እንዲጸና ደግሞ ኖራ። ያ ሶዳ መስታወት ከሆነም በኋላ ውሃ ይወዳል። መስኮት ላይ የሚወርድ ዝናብ ከፊቱ ጥቂት ሶዳ ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፤ ምንም አይጎዳውም። በተጋደሙ ሁለት መስታወቶች መካከል የተያዘች ጠብታ ግን መሄጃ የላትም። ሶዳውን ቀስ በቀስ እየሳበች ራሷ የሶዳ ውሃ ትሆናለች፤ ከዚያ አሸዋውን መብላት ትጀምራለች። ለዚህ ነው ነጋዴዎች በመካከሉ ወረቀት የሚያስገቡት፣ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት አሉ።

መጽሐፉ አልዋሸም ነበር። መጽሐፉ የሚያወራው ተቀድቶ ስለሚደፋ ውሃ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት ስለተረሳ ውሃ አልጠየቅኩትም። አባቴ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጨርሶት ነበር። እኔ ከቤተ ሙከራው ወጥቼ ሣር ላይ ተቀመጥኩና ራሴን ሰደብኩ፤ ስድቡ ሲያልቅብኝ ሊቀመንበሩን ሰደብኩ።

ወዲያው ሄጄ ነገርኩት ብል ደስ ባለኝ። አልነገርኩትም። አፈርኩ። ተመርቄ የኬሚስትሪ መምህር ሆንኩ፣ መቱ ተመደብኩ፣ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ውሃ መስታወትን እንዴት እንደሚበላ ለሌላ ሰው ልጆች አስተማርኩ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ለሚኖር አባቴ ግን አልነገርኩትም። ይህን ሳስብ የምናደደው በማንም አይደለም፣ በራሴ ነው።

ባለፈው ዓመት እግሩ ከዳውና ቀፎ መሥራቱን ተወ። ያን ጊዜ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም፣ ሶዳውንም ጠብታውንም፣ ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «እኔማ አውቀዋለሁ» አለኝ። «እኔን ምን ትነግሪኛለሽ? ሰው ፊት ያልሽውን ሰው ፊት መልሺው።»

መጀመሪያ የሄድኩት ሊቀመንበሩ ቤት ነው። ጡረታ ወጥቷል፤ የቤቱ መስኮቶች ሰማያዊ ናቸው፣ ከውጭ የሚያይ ራሱን ብቻ የሚያይባቸው። በፈገግታ ተቀበለኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ትንሽ አሰበ። «አሃ፣ ያ የመስታወቱ ነገር! የኔ እህት፣ እሱ እኮ ያለፈ ነው። ጋሼን ያኔውኑ ይቅር ብለናቸዋል።» አሁን ደግሞ ጋሼ ሆነ። «እንድትምሩት አልመጣሁም፣ ማሩኝ እንድትሉ ነው የመጣሁት» አልኩት። «የተረሳ ነገር መቆፈር ለማን ይበጃል?» አለኝና ሻይ እንዲመጣልኝ አዘዘ። ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ።

ግንቦት ላይ ከአልሙኒየም ቤት ሁለት አዳዲስ የመስታወት ቁራጮች ገዛሁ። መካከላቸውን በውሃ አርሼ በገመድ አሰርኳቸውና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ማጀቴ ወለል ላይ አጋደምኳቸው። ክረምቱን ሙሉ ጆንያው ሲደርቅ አረስኩት። ኅዳር ሲገባ፣ እድሩ በሚሰበሰብበት እሑድ፣ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ተናገርኩና ገመዱን ሰው ፊት ፈታሁት። ቢላዋ አስገብቼ ነው ያላቀቅኳቸው። ጉሙም ነበር፣ ሐምራዊውም ነበር።

ያኔ የመረቁት ሽማግሌ ዛሬም አሉ፣ በጣም አርጅተዋል። መስታወቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በእሱ አሻግረው የአዳራሹን ምሰሶ አዩ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው አየ። «እውነት ነው፣ ውሃ በልቶታል» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ደስታ ሊጀምረኝ ነበር። እሳቸው ግን መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ አባትሽ ለምን ይቅርታ አሉ?»

«እርስዎ ነዎት በሉ ያሏቸው!» ብዬ ጮኽኩ። በሽማግሌ ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው አልተቆጡም። «እኔ ለሰላም ብዬ ነው። እውነት በእጁ ያለ ሰው እምቢ ይላል ብዬ አስቤ ነበር» አሉ። ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ድንኳን መግዣው ነገር አለፈ።

አባቴ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። በዚያው ንዴት እሱ ላይ ዞርኩ። «እውነታቸውን ነው! ለምን አልክ? እምቢ ብትል ምን ይመጣ ነበር? አንዲት ቃል ናት፣ ለምን አልካት?»

አባቴ እንዳልተቆጣሁበት ሁሉ በእርጋታ መለሰልኝ። «እምቢ ብል ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። አንቺን ነበር ምስክር አድርገው የሚጠሩሽ፤ አባትሽ ላይ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።»

ፈተናውን በሰላም ወሰድኩ። ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያመጣሁት በኬሚስትሪ ነበር።